ከበርሜል የሚወጣ ጌጥ፦ የሄይቲዋ ኖዋይ መንደር የብረት ሥራ

ኖዋይ በሄይቲ የክሯ ደ ቡኬ መንደር ናት፤ ክሯ ደ ቡኬ ደግሞ ከዋና ከተማው ከፖርቶ ፕሪንስ በስተሰሜን ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንደሯን ያስጠሯት ያገለገለ የዘይት በርሜል ዘርግተው፣ በመሮ ፈልፍለው ቅርጻ ቅርጽ የሚያወጡ ቀጥቃጮቿ ናቸው። አምባርና ጉትቻው ከትልልቆቹ የግድግዳ ሥራዎች ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም ከእነርሱ በተረፈ ቁራጭ ይሠራል።

የሙያው አባት ጆርጅ ሊዮቶ (1899–1991 እ.ኤ.አ.) ነው። ሊዮቶ የእርሻ መሣሪያና የመቃብር መስቀል የሚሠራ የሰፈር ቀጥቃጭ ነበር። እነዚያን መስቀሎች በ1953 እ.ኤ.አ. አይቶ ሠሪውን ያፈላለገው በ1944 በፖርቶ ፕሪንስ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ማዕከል መሥራች ዴዊት ፒተርስ ነው። ሙያው ከሊዮቶ ወደ ሉዊ ጁስት ወንድማማቾች፣ ከእነርሱም እንደ ሰርዥ ዦሊሞና ጋብርኤል ቢያን ኤሜ ወዳሉት ተላለፈ። ትምህርት ቤት የለውም፤ ተማሪው በርሜል በማስተኛትና ጠርዝ በመሞረድ ይጀምራል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አካባቢው በታጠቁ ቡድኖች እጅ በመውደቁ ብዙ ባለሙያዎች መንደሩን ለቀው ለመሄድ ተገደዋል።

በገጠር ጁላይ የበዓል ወር ነው። በ16ኛው ቀን ሶ ዶ ፏፏቴ ዘንድ (አካባቢው በ2025 እ.ኤ.አ. በታጠቁ ቡድኖች እጅ እስኪወድቅ ድረስ)፣ በ25ኛው በፕሌን ዱ ኖር፣ በ26ኛው በሊሞናድ የደብር በዓላት ይከበራሉ፤ በውጭ የሚኖረውም ሄይቲያዊ የሚመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። በፕሌን ዱ ኖር የሚነግሠው የዘብዴዎስ ልጅ ቅዱስ ያዕቆብ ነው፤ በቩዱ እምነት ግን በእርሱ ሥዕል የሚከበረው ኦጉ፣ የብረትና የጦርነት መንፈስ ነው። በብረት ሥራዎቹ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ልብና የባሕር ሴት ምስልም ከዚሁ እምነት የተቀዳ ነው።

አንድ ባለ 208 ሊትር በርሜል ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ተተርትሮ ሲዘረጋ ደግሞ 1.8 ሜትር ያህል ርዝመት ይሰጣል። ክዳኑና መቀመጫው ለየብቻ ለክብ ሥራ ይቀመጣሉ። አደጋ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። በውስጡ የነዳጅ ትነት ያለበት፣ አፉ የተደፈነ በርሜል እሳት ሲነካው ይፈነዳልና፣ ሁለቱም ጫፎች አስቀድመው በመሮና በመዶሻ ይነሣሉ እንጂ በጋዝ አይቆረጡም። ከዚያ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ወይም ገለባ ታጭቆበት ይለኮሳል፤ እሳቱ የውስጡን ቅሪትና የውጭውን ቀለም ይበላል። ጭሱ ጤና ስለማይሰጥ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም ነው። በዚንክ የተለበጠ በርሜል ግን ጨርሶ እሳት ሊለኮስበት አይገባም።

ሲቀዘቅዝ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል፤ ሰው ይወጣበትና እየረገጠ ይከፍተዋል፤ ቀሪውን መዶሻ ይጨርሰዋል። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ድምፁ እንግዳ አይሆንበትም። በርሜሉን የሚያጠነክሩት ሁለቱ ጉብ ያሉ ቀለበቶች ግን በቀላሉ አይተኙም። ለጌጥ የሚሆነው በመካከላቸው ያለው ለጥ ያለ ክፍል ነው።

ከዚህ በኋላ ሁሉን የሚወስነው የብረቱ ውፍረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድፍን ክብ በዚህ ውፍረት 15 ግራም ይመዝናል፤ ለጆሮ ከባድ ነው። ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 10 ግራም ይሆናል፤ ሲሶው ተፈልፍሎ ሲወጣለት 7 ግራም አይሞላም። ስለዚህ በጉትቻው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ለውበት ብቻ አልተበጀም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሽቦም ከበርሜሉ ብረት አይሠራም፤ ይዝጋልና። ብር ወይም የማይዝግ ብረት ይደረግበታል።

ንድፉ በጠመኔ ይሣላል። ጥምዝ መስመር በአጭር መሮ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ምት ያለፈውን ግማሽ እየደረበ። ምቶቹ ካልተደራረቡ በመሐል ያልተቆረጠ ድልድይ ይቀራል፤ እርሱን በፒንሳ ጠምዝዞ ለመስበር መሞከር ደግሞ ብረቱን ያጣምመዋል። በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ብረት ይተዋል። ጉብ የሚለው ክፍል ከጀርባ፣ እንጨት ላይ ተደግፎ፣ ጫፉ በዶለዶመ መምቻ ይወጣል።

ለአምባር 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይበቃል፤ እጅ የሚገባበት 2.5 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። መቁረጡም መሞረዱም ከመታጠፉ በፊት ያልቃል። ብረት ከታጠፈ በኋላ ትንሽ ስለሚመለስ፣ ከአንጓው በቀጠነ ቱቦ ላይ በእንጨት መዶሻ ይጠመዘዛል። ትልቅ ቀዳዳ ጠርዝ ድረስ ከሄደ አምባሩ ክብ መሆኑን ትቶ እዚያ ላይ ይሰበራል፤ የጀማሪ አምባር የሚታወቀው በዚህ ነው።

የጁላይ ወበቅ ዋናው ጠላት ነው። በሽቦ ብሩሽ የተወለወለ ብረት በአንድ ሌሊት የዝገት ጥላ ያበጃልና ቫርኒሹ በዚያው ቀን መቀባት አለበት። ግን እርጥበት ባለው ብረት ላይ ቢቀባ ወተት መስሎ ይነጣል። ስለዚህ ዕቃው ፀሐይ ላይ ሞቆ፣ ከከሰዓቱ ዝናብ በፊት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል። በአምባር ውስጠኛ ገጽ ላይ ላብ ቫርኒሹን ቶሎ ይበላዋል፤ ሲገፈፍ ዝገቱን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀትና በጥቂት ዘይት አንሥቶ፣ ዘይቱን ጠርጎ ዳግም መቀባት ይቻላል።

የእጅ ሥራ ነኝ የሚል በማሽን የተቆረጠ ጌጥም ገበያ ላይ አለ። ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይበቃል፦ በመሮ የተሠራው ጥምዙ ላይ ጥቃቅን ማዕዘኖች፣ ጀርባው ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለው፤ የማሽኑ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።