በጠፈር ጉዞ ሕይወታቸውን ላጡ ሰዎች የቆሙ መታሰቢያዎች

በፍሎሪዳ በሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የጎብኚዎች ግቢ ውስጥ ቁመቱ 13 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ጥቁር ግራናይት ቆሟል። ድንጋዩ በደንብ ስለተወለወለ ፊት ለፊቱ ለሚቆም ሰው ሰማዩንና ደመናውን መልሶ ያሳያል። የሟቾቹ ስም ላዩ ላይ የተጻፈ ሳይሆን ድንጋዩን ዘልቆ የተፈለፈለ ነው። ከጀርባ ብርሃን ሲያልፍበት ፊደሎቹ ሰማዩ ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። የጠፈር መስታወት መታሰቢያ የሚባለው ይህ ነው።

መታሰቢያው ሜይ 9 ቀን 1991 ተመረቀ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ላይ ግድግዳው በሞተር እየዞረ ፀሐይን ይከተል ነበር። ሞተሩ በ1997 ተበላሸና ሳይጠገን ቀረ፤ አሁን ስሞቹ የሚበሩት በመብራት ነው። ለግንባታው ገንዘብ ካስገኙት አንዱ የመኪና ታርጋ ነው፦ ቻሌንጀር ከተባለችው መንኮራኩር አደጋ በኋላ የፍሎሪዳ አሽከርካሪዎች ጨመር አድርገው እየከፈሉ ልዩ የመታሰቢያ ታርጋ ይገዙ ነበር።

ግድግዳው ላይ ያሉትን ስሞች አብዛኛው ጎብኚ ከሦስት አደጋዎች ያውቃቸዋል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 የአፖሎ 1 ሦስት ሰዎች፣ ጋስ ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ፣ መሬት ላይ በተደረገ ሙከራ በእሳት ሞቱ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር ከተነሳች ከ73 ሰከንድ በኋላ ስትበታተን ሰባት ሰዎች አለቁ፤ አንዷ መምህርት ክሪስታ መኮሊፍ ነበረች። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ደግሞ ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ለማረፍ 16 ደቂቃ ሲቀራት ሌሎች ሰባት ተሳፋሪዎቿን ይዛ ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተሰባበረች። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በየዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ የመታሰቢያ ቀን የሚያከብረው ሦስቱም አደጋዎች እዚያው ሳምንት ላይ ስለሚገጥሙ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሦስቱም ጥር ውስጥ ናቸው፦ 19፣ 20 እና 24።

የሚያከራክረው ከእነዚህ ውጭ ያለው ነው። ማን ይቆጠራል? ቴዎዶር ፍሪማን በ1964 የሞተው በልምምድ ጄት ላይ ሳለ የዝይ መንጋ ገጥሞት ነው፤ ጠፈር ደርሶ አያውቅም፤ ስሙ ግን አለ። ሮበርት ሎውረንስም እንደዚሁ በዲሴምበር 1967 በልምምድ በረራ ሞተ። ለጠፈርተኛነት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የመረጠው ግን ናሳ ሳይሆን አየር ኃይሉ ነበር። አየር ኃይሉ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያልደረሰን ሰው ጠፈርተኛ አልለውም አለ። ፍሪማንም ያን ከፍታ አልደረሰም፤ ስለዚህ ምክንያቱ አጥጋቢ አልነበረም። የሎውረንስ ስም ግድግዳው ላይ የሰፈረው ከሞተ 30 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1997 ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል እንጂ አንዳንዱ ስም ተከራካሪ ይፈልጋል። በ2014 የግል ኩባንያ መንኮራኩር ሲሞክር የሞተው ማይክል አልስበሪም የተጨመረው በ2020 ነው።

ጨረቃ ላይ ያለው መታሰቢያ ከሁሉም ትንሹ ነው። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በኦገስት 1971 ቤልጅየማዊው ፖል ቫን ሆይዶንክ የሠራውን 8.5 ሴንቲ ሜትር የአሉሚኒየም ምስል መሬት ላሉት ተቆጣጣሪዎች ሳይነግር አፈሩ ላይ አኖረ። አጠገቡ የ14 ሰዎች ስም ያለበት ሰሌዳ አለ፤ ስምንቱ አሜሪካውያን፣ ስድስቱ ሶቪየቶች ናቸው። ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ሁለቱን ወገን በፊደል ተራ አንድ ላይ መደርደር ቀላል ነገር አልነበረም። ሎውረንስ እዚያም የለም። ቫለንቲን ቦንዳሬንኮም የለም፤ እሱ የቀረው ግን ሞቱ ስላልታወቀ ነው። ይህ ወጣት ሠልጣኝ በማርች 1961 ኦክስጅን በበዛበት ክፍል ውስጥ በተነሳ እሳት ተቃጥሎ ሞተ። ሶቪየቶች ነገሩን እስከ 1986 ደብቀውት ቆዩ። አፖሎ 1 በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ የተቃጠለችው ከእሱ በኋላ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ነው።

ይፋ የወጣውን ሐዘን ግን ሞስኮ በክብር ነው የያዘችው። በ1967 ፓራሹቱ አልከፈት ብሎት የተከሰከሰው ቭላድሚር ኮማሮቭ፣ በ1971 የሞቱት የሶዩዝ 11 መንኮራኩር ሦስት ሰዎችም በክሬምሊን ግንብ ውስጥ አርፈዋል። የሶዩዝ 11 ሰዎች 168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ቫልቭ ተከፍቶባቸው ታፍነው ሞቱ። እውነተኛው ጠፈር ውስጥ የሞቱት እስካሁን እነሱ ብቻ ናቸው። ክፍሉ ለሦስት ሰው ጠባብ ስለነበረ የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሶዩዝ እስከ 1980 ድረስ ሁለት ሰው ብቻ፣ ያውም ልብሱን አስለብሳ ታበር ነበር።

ከኮሎምቢያ ሟቾች አንዱ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ነው። በእስራኤል ደቡብ ወዳለችው ኤላት በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ስሙን ሳይሰማ አያርፍም፤ በ2019 የተከፈተው ራሞን አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው በእሱና በ2009 በተዋጊ ጄት ልምምድ በሞተው ልጁ በአሳፍ ነው። ራሞን ጠፈር ላይ ሆኖ ከጻፈው ማስታወሻ የተረፉ ገጾች ቴክሳስ ሜዳ ላይ ወድቀው ተገኙ፤ በኢየሩሳሌም ተጠግነውም ለሕዝብ ታይተዋል።

ስብርባሪዎቹን በተመለከተ ናሳ ለረጅም ጊዜ የመረጠው ከዓይን ማራቅን ነው። የቻሌንጀር ቅሪት በኬፕ ካናቨራል አገልግሎት ባቆሙ የሚሳኤል ጉድጓዶች ተከቶ በኮንክሪት ተዘጋ። በ2015 ግን በቤተሰቦቹ ፈቃድ ከቻሌንጀር ባንዲራ የተሳለበት የጎን አካል፣ ከኮሎምቢያ ደግሞ የፊት መስኮቶቿ ፍሬም ለእይታ ቀረቡ። በ2017፣ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈተውና ሦስቱ ሰዎች ሊያመልጡበት ያልቻሉት የአፖሎ 1 በር ተጨመረ። ወደ 84,000 የሚጠጉት የኮሎምቢያ ቁርጥራጮች ግን አልተቀበሩም። መንኮራኩሮች በሚገጣጠሙበት ግዙፍ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ብረትና ሌላ ቁስ በከፍተኛ ሙቀት ምን እንደሚሆን ማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ አመልክቶ መዋስ ይችላል።