የጀርባ ሥራዎችና የዳታቤዝ መቆለፍ፦ የኤስኪውላይት ጉዳይ

ኤስኪውላይት የተለየ ሰርቨር የማይፈልግ፣ መረጃውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ካወጣው ወዲህ በየስልኩና በየብራውዘሩ ገብቷል፤ ብዙ ድረ ገጾችም ይሠሩበታል። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለው፦ በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ድረ ገጹ የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ብቻ ሲያስተናግድ ይህ ብዙም አይከብድም፤ አንዱ ጽፎ እስኪጨርስ የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሰከንድ ነውና። ጣጣው የሚመጣው ኢሜይል ላኪው፣ ሪፖርት አዘጋጁና አሮጌ መረጃ አጽጂው ከጀርባ መሥራት ሲጀምሩ ነው።

ደረሰኝ የሚልክ ፕሮሰስን (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራምን) እንይ። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚቀሩ የለውጦች ጥቅል) ይከፍታል፣ ደረሰኙን «ተልኳል» ብሎ ይመዘግባል፣ ኢሜይሉን ይልካል፣ በመጨረሻ ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ለውጡን አጽንቶ ቁልፉን ይለቃል። የኢሜይል ሰርቨሩ 20 ሰከንድ ከዘገየ ዳታቤዙም 20 ሰከንድ ለሌላ ጸሐፊ ተቆልፎ ይቆያል። በዚህ መሃል ትእዛዙን ሊያስቀምጥ የመጣ ደንበኛ፣ ድረ ገጹ በጃንጎ (በፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) የተሠራ ከሆነና ቅንብሩ ካልተነካ፣ 5 ሰከንድ ያህል ጠብቆ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል ስሕተት ይገጥመዋል። ብዙዎች እዚህ ላይ የመጠበቂያውን ጊዜ ያራዝማሉ። ይህ ደንበኛውን የባሰ ያስጠብቀዋል እንጂ መንሥኤውን አይነካም። የሚበጀው መላኩን ከትራንዛክሽኑ ማውጣት ነው፦ «በመላክ ላይ» ብሎ መዝግቦ ወዲያው ኮሚት ማድረግ፣ ኢሜይሉን መላክ፣ ከዚያ በሌላ አጭር ትራንዛክሽን «ተልኳል» ማለት። ፕሮሰሱ መሃል ላይ ቢሞት ደረሰኙ «በመላክ ላይ» እንዳለ ስለሚቀር፣ እንዲህ የተንጠለጠሉትን እየፈለገ የሚያነሣ ሥራም ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በኤስኪውላይት ዕትም 3.7.0 የመጣው፣ ለውጦችን መጀመሪያ በተለየ ፋይል መዝግቦ ኋላ ወደ ዋናው የሚያጠቃልለው ዋል (WAL) የተባለው ሁነታ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንባቢና ጸሐፊ አይተጋገዱም። ጸሐፊው ግን አሁንም አንድ ነው። ረጅም ሪፖርት የሚያነብ ፕሮሰስም የዋሉ ፋይል እንዳይጠቃለል ይዞት ያለ ልክ ሊያሳብጠው ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ወጥመድ አለ። በዋል፣ በንባብ የተጀመረ ትራንዛክሽን ወደ መጻፍ ሲሸጋገር ሌላው ቀድሞት ጽፎ ከሆነ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ምንም ያህል ቢረዝም ወዲያው ይወድቃል። መድኃኒቱ፣ እንደሚጽፍ አስቀድሞ የሚታወቅን ትራንዛክሽን «ቢጊን ኢሚዲየት» (BEGIN IMMEDIATE) ብሎ፣ የመጻፊያውን ቁልፍ ከመነሻው ይዞ መክፈት ነው፤ ጃንጎ ከዕትም 5.1 ጀምሮ ይህን በቅንብር ይፈቅዳል። አሮጌ መረጃ ሲጸዳም ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ከመሰረዝ ጥቂት ረድፍ እየሰረዙ፣ በየመሃሉ ኮሚት እያደረጉ መሄድ ይሻላል።

በራሱ ሰርቨር የሚሠራው ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ የሚቆልፈው ረድፍ በረድፍ ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል፤ ከዕትም 9.5 ወዲህ «ስኪፕ ሎክድ» (SKIP LOCKED) በሚለው ትእዛዝ ሠራተኛ ፕሮሰሶች ሌላው የያዘውን ሥራ ዘለው ቀጣዩን ይወስዳሉ።