የቤዝቦል «የሥነ ምግባር አንቀጽ» ምንድን ነው?

ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን (ኳስን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሻግር ምት) መትቷል። በአሜሪካ ዋናው ሊግ ታሪክ ከእሱ በላይ የመታ የለም። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሬከርዱን የሰበረባት ኳስ ኩፐርስታውን፣ ኒውዮርክ፣ ምርጦቹ የነሐስ ሰሌዳ ተሠርቶላቸው በሚከበሩበት በቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ተቀምጣለች። የገዛት ነጋዴ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ፣ «ሬከርዱ ጥያቄ አለበት» የሚል የኮከብ ምልክት አስቀርጾባት ነው የሰጠው። ኳሷ ገባች፤ መቺው ደጅ ቀረ።

ደጅ ያስቀረው የሥነ ምግባር አንቀጽ የሚባለው ነው። ለአዳራሹ የሚመርጡት ቢያንስ 10 ዓመት ቤዝቦል የዘገቡ ጋዜጠኞች ናቸው። ለመግባት 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። መመሪያው ታዲያ ችሎታን ብቻ መዝኑ አይልም፤ ሐቀኝነትን፣ ስፖርታዊ ጨዋነትንና ጠባይንም እዩ ይላል። ምን ያህል? ዝም። ለየመራጩ ሕሊና ተትቷል።

ከአበረታች ቅመም ጋር ስሙ የተነሳው ቦንድስ በጋዜጠኞቹ ምርጫ በመጨረሻ ዕድሉ፣ በ2022፣ 66 በመቶ አገኘ። ዝነኛው ኳስ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስም 65.2 ላይ ቀረ። ክሌመንስ ፈጽሞ አልወሰድኩም ይላል፤ ቦንድስ ደግሞ አውቄ አልወሰድኩም። በዚያው ዓመት ሌላው መቺ ዴቪድ ኦርቲዝ በ77.9 በመቶ አለፈ። እሱም ቅጣት ባልነበረው የ2003 የአበረታች ቅመም ምርመራ ስሙ እንደተገኘ ተዘግቦበት ነበር፤ ይክዳል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። በ1998 ማርክ ማክጓየር 70 ሆም ረን ሲመታ አገር አብዶለት ነበር። በዚያው ክረምት አንድ ጋዜጠኛ በማክጓየር የልብስ ሣጥን መደርደሪያ ላይ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ የጡንቻ ማጎልበቻ ቅመም ብልቃጥ አየ። ኦሎምፒክ ከልክሎታል፤ ቤዝቦል ግን አልከለከለውም፣ ሱቅም ይሸጥ ነበር። ስቴሮይድ የተባለው አበረታች ቅመም በወረቀት ከ1991 ጀምሮ ክልክል ቢሆንም፣ መርምሮ መቅጣት የተጀመረው በ2004 ነው። እስከዚያ ስታዲየሙ ይሙላ እንጂ ማን ጠየቀ? የያኔው የሊጉ አለቃ በድ ሲሊግ እንኳ በ2017 አዳራሹ ገብቷል። እሱን ያስገባ አዳራሽ ጠባይ እመዝናለሁ ሲል ሳቄ ይመጣል።

በበኩሌ ምርመራ ከመጣ በኋላ የተቀጣውና ከዚያ በፊት የነበረው በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለባቸውም። ሌላው ኮከብ መቺ አሌክስ ሮድሪጌዝ ሕጉ ቁልጭ ብሎ ተቀምጦለት ሙሉውን የ2014 ውድድር ታግዷል፤ በሩ ቢዘጋበት አይቆጨኝም። ቦንድስ ግን ይግባ፤ የነሐስ ሰሌዳው ላይም በቅመሙ የተባለበት ሳይሸፋፈን ይጻፍ።