የትከሻ ፈተና «አስተማማኝ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ትከሻችሁን አሟችሁ ፊዚዮቴራፒ የጀመራችሁ ትከሻችሁ ምን ያህል እንደሚሠራ ስለሚለካው ፈተና ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ፈተናው አስተማማኝ ነው ካሉኝ ሕመሜ ታወቀ ማለት ነው?» አይደለም።

እዚህ ላይ አስተማማኝ ማለት ትከሻው ሳይለወጥ ፈተናው ቢደገም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል ማለት ብቻ ነው። ያው ባለሙያም ይለካው፣ ሌላም ይለካው። ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች አስቡ። ሚዛኑ ሁሌም 2 ኪሎ የሚጨምር ከሆነ ውጤቱ አይዋዥቅም፤ ልክ ግን አይደለም።

ለእናንተ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። እንበል ፈተናው ዕቃ ማንሳት ነው፤ ዛሬ 1 ኪሎ ስኳር ወደ ላይኛው መደርደሪያ በአንድ ደቂቃ 12 ጊዜ አነሳችሁ። በሳምንቱ 14 ሆነ። ተሻላችሁ? የፈተናው የመለኪያ ስህተት (ትከሻው ሳይለወጥም ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችልበት መጠን) 3 ከሆነ፣ ይቺ የ2 ልዩነት ብቻዋን መሻሻልን አታረጋግጥም። በእርግጥ ተሽሏችሁ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ገና አልመሰከረም። 11 ቢመጣም እንደዚያው፤ አትደንግጡ።

የስህተቱ መጠን ከፈተና ፈተና ይለያያል። ስለዚህ ሲደገም ክብደቱም ከፍታውም ያው ይሁን፣ ቢቻል ባለሙያውም። «የዚህ ፈተና ስህተት ስንት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።