መለስተኛ የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያንን ከመውደቅ መጠበቅ፦ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ

የመርሳት በሽታ ሲጀምር ቤተሰብ የሚያስተውለው የጠፋ ቁልፍንና የተደጋገመ ጥያቄን ነው፤ አረማመድ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ልብ የሚል ጥቂት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን ደግሞ ከእኩዮቻቸው እጥፍ ገደማ ይወድቃሉ።

ምክንያቱ የጉልበት መድከም ብቻ አይደለም። መራመድም ትኩረት ይፈልጋል፤ በሽታው ቀድሞ የሚያሳሳውም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የማከናወንን አቅም ነው። አባት እየሄዱ ሳለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ለመመለስ ቆም የሚሉ ከሆነ፣ ይህ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። ርቀትን መገመትና አደጋን መመዘንም ይከብዳል። ስለዚህ «ይጠንቀቁ» እያሉ መወትወት ብዙ አይረዳም፤ ማሳሰቢያውም ይረሳል። መለወጥ ያለበት ቤቱና መንገዱ ነው።

በብዙ የባሕር ዳር ግቢዎች ሽንት ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነው። ሌሊት ከአልጋ እስከዚያ ድረስ ደፍ አለ፣ ደረጃ አለ፣ ክረምት ከገባ የሚያሟልጭ ጭቃ አለ፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም በጨለማ ነው። አልጋ አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ፣ ባትሪን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማኖር፣ የደፉን ጠርዝ በነጭ ቀለም መቀባት፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ መምታት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ነጠላ ጫማው ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ይተካ፤ የሚጎተት ጋቢም ይጠር። ለበዓል ተብሎ ዕቃ ማዘዋወር ግን አይመከርም፤ አዛውንቱ የሚሄዱት በለመዱት ቤት ነውና። ቄጠማም ያንሸራትታል። ያለ ቄጠማ በዓል በዓል አይመስልም የሚል ካለ፣ መተላለፊያውን ትቶ ጥግ ጥጉን ይጎዝጉዝ።

ቤተ ክርስቲያን መሄድን መከልከል ስህተት ይመስለኛል፤ የማይንቀሳቀስ እግር ይበልጥ ይደክማል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይዞ መቆም ጥሩ ድጋፍ ነው። የሚያሰጋው ከስግደት ቀና ሲሉ የሚመጣው ማዞር ነው። ከተቀመጡበት ወይም ከተኙበት ተነስተው በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። ጾሙ ሲረዝም የውሃ እጥረትና የግፊት መድኃኒት ተደምረው ያባብሱታል፤ በዚህ ሐኪሙም የንስሐ አባቱም ቢመክሩበት መልካም ነው። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ ደግሞ ከጀልባ ሲወርዱና ድንጋይና ሥር የበዛበትን መንገድ ሲወጡ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

መድኃኒቶቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ለሐኪም ማሳየት ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሥራ ነው። የእንቅልፍ ክኒን፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓም፣ ለጉንፋን ተብለው የሚገዙ የሚያስተኙ ክኒኖች ሚዛን ያዛባሉ። የዓይን ሞራም ሊታይ ይገባል።

የእግር ጡንቻንና ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በጠቅላላው አረጋውያን ላይ መውደቅን በሩብ ገደማ ይቀንሳል። የመርሳት ችግር ላለባቸው ግን ማስረጃው ያን ያህል የጠራ አይደለም፤ በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት የተጠበቀውን ለውጥ አላሳየም። ቢሆንም ጠዋት በሐይቁ ዳር ከልጅ ወይም ከልጅ ልጅ ጋር መራመድን የሚያስተው ምክንያት የለም።

ወድቀው ከተገኙ በችኮላ ጎትቶ ማንሳት አይገባም። አንደኛው እግር ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ወጌሻ ከማሸት በፊት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ጭንቅላታቸውን ከተመቱ የውስጥ ደም መፍሰስ ከሳምንታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል፤ ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ ወይም ድንገት የባሰ መዘባረቅ ሲመጣ «ያው በሽታው ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።