የልደት ምዝገባ ምንድን ነው? የመታወቂያው ጥያቄስ ከየት መጣ?

«መታወቂያ የሌላት እናት ልጇን ማስመዝገብ አትችልም» የሚለው አባባል ከመደጋገሙ ብዛት እንደ ሕግ አንቀጽ መጠቀስ ጀምሯል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ይባስ ብሎ እናቲቱ መታወቂያ ከሌላት ልጁም ዜግነት የለውም ሲል ተከራክሯል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ መነሻቸውም አንድ ነው። ምዝገባውን ከምስክር ወረቀቱ፣ ምስክር ወረቀቱን ከመታወቂያ ጋር አደባልቀዋል።

የልደት ምዝገባ ማለት አንድ ሕፃን በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ከዚህች እናት መወለዱን የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ማለትም ኩነቶችን እንዲመዘግብ የተሾመው ሠራተኛ፣ በቋሚ መዝገብ ላይ ማስፈሩ ነው። የሚመዘገበው ኩነቱ ነው። አስመዝጋቢው ወሬውን ይዞ የመጣ ሰው እንጂ የምዝገባው ባለቤት አይደለም። ውዥንብሩ የራሱ ታሪክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተዘረጋው የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የመሳሰሉት) ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት «የልደት ካርድ» የሚባለው፣ ሰው ሲያስፈልገው፣ በተለይ ለትምህርትና ለውጭ ጉዞ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚያወጣው ወረቀት ነበር። ባለጉዳዩ ብዙ ጊዜ ራሱ ያደገ ሰው ስለነበር መታወቂያ አሳይቶ መውሰዱ ያስኬዳል። ያ ልማድ ገና በተወለደ ሕፃን ላይ ሲጫን ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የመንግሥት ንብረት ክፍልን የሚያውቅ ሰው ሞዴል 19ን፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ያውቃል። ዕቃ ሲመጣ ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ ይረከባል፣ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለአስረካቢው ይሰጣል፣ ጥራዙ እዚያው ይቀራል። ከጤና ተቋም የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ከዕቃው ጋር የሚመጣው የማስረከቢያ ሰነድ ነው፤ መዝገቡ ጥራዙ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ደግሞ ለአስረካቢው የሚሰጠው ቅጂ። ቅጂው ቢጠፋ ዕቃው ገቢ አልሆነም አይባልም፤ ከጥራዙ ሌላ ይወጣል። ስንዴ ጭኖ የመጣ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ቤት ቢረሳም ግቢው ውስጥ የቆመው ስንዴ የለም አይባልም። ማንነቱ በሌላ መንገድ ይጣራል እንጂ ስንዴው ወደ መጣበት አይመለስም። የማስረከቢያ ሰነዱን ብቻ ኪሱ ከትቶ «ገቢ አድርጌያለሁ» የሚል ሰውም ተሳስቷል፤ የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ይዘው «ልጄ ተመዝግቧል» ብለው ዓመት የሚቆዩ ወላጆች ስህተት ይኸው ነው። ማሳወቂያ ምዝገባ አይደለም።

ታዲያ መታወቂያ ለምን ይጠየቃል? ሁለት ነገር ለማወቅ ነው፤ ይህን የሚናገረው ማነው፣ የሚኖረውስ የት ነው። ምዝገባው በመደበኛ መኖሪያ ቦታ ስለሚከናወን የቀበሌው ወይም የወረዳው መታወቂያ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ይመልሳል። ስለሚያመች ይጠየቃል። ካልተገኘ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች በሌላ ማስረጃ መመለስ አለባቸው እንጂ የልጁ መወለድ አጠራጣሪ አይሆንም።

ይህን የማይቀበል ሰው ሁለት ነገሮችን ያስብ። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው፤ በ16 ዓመቷ የወለደች ልጅ በዕድሜዋ ልትይዘው የማትችለውን ካርድ አምጪ ልትባል አትችልም። ሁለተኛ፣ ወላጆቹ ያልታወቁ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ይመዘገባል፤ ያገኘው ሰው ለፖሊስ ያሳውቃል፣ ፖሊስ ለክብር መዝገብ ሹሙ ያስታውቃል። የወላጅ መታወቂያ ለምዝገባ የግድ ቢሆን ኖሮ ይህ ድንጋጌ ትርጉም አይኖረውም ነበር። የማስታወቅ ግዴታው በመጀመሪያ የወላጆች ነው፤ እነሱ ከሌሉ የአሳዳሪው፣ እሱም ከሌለ ሕፃኑን የሚንከባከበው ሰው። ስለዚህ እናትየው ሰነድ የሌላት ብትሆንና አባትየው ቢኖረው፣ አባትየው ይቅረብ።

«መታወቂያ የለኝም» የሚለው ቃል በውስጡ የተለያዩ ችግሮችን ይዟል፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የጠፋበት ሰው ቀላሉ ነው፤ ፋይሉ ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ስለማይጠፋ፣ ከዚያ ስለ ነዋሪነቱ ደብዳቤ ማጻፍ ይቻላል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራና መሸኛ ያላመጣች ሴት ችግሯ ማንነቷ ሳይሆን መኖሪያዋ ነው። መታወቂያ ቢኖራትም የሌላ ወረዳ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አሁን የምትኖርበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ጽሑፍና የሚያውቋት ምስክሮች ናቸው፤ መሸኛውም በዘመድ በኩል ጎን ለጎን ይጠየቅ። የቀበሌ መታወቂያ ኖሯት የማታውቅ ደግሞ ፓስፖርት፣ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ)፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ስሟ ያለበትን ሁሉ ይዛ ትቅረብ። ጽሕፈት ቤቶች የሚቀበሉት ማስረጃ ከክልል ክልል ስለሚለያይ፣ ከመሄድ በፊት የሚፈልጉትን ዝርዝር መጠየቅ ምልልስ ይቀንሳል። ስደተኞችም ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 መሠረት ይመዘገባሉ፤ «ለእነሱ አይሆንም» የሚለው ወሬ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ቤት ውስጥ ለተወለደ ሕፃን ማሳወቂያውን የምትሰጠው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ጤና ተቋም የወለደች እናት ግን ከመውጣቷ በፊት ማሳወቂያውን እጇ ላይ አድርጋ ታንብበው፤ ማንበብ ካልቻለች ያስነብቡላት። ስም በአፍ ተነግሮ ስለሚጻፍ «ወርቅነሽ» የምትባለው ሴት በቤት መጠሪያዋ «ወርቄ» ተብላ ትገኛለች። መታወቂያ ያላት እናት ይህን በካርዷ ታስተባብላለች። የሌላት ግን ስሟን የያዘ ዋናው ወረቀት ያ ማሳወቂያ ስለሆነ፣ አንድ ፊደል ቢሳሳት በኋላ የምትታመንበት ነገር ይጠፋል። ቀኑ፣ ጾታው፣ ፊርማውና ማኅተሙ ይታይ። መንታ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት። መታወቂያ የሌላት እናት የእህቷን መታወቂያ ተውሳ ስትወልድ ወይም ስታስመዘግብ፣ መዝገቡ ላይ እናት ተብላ የምትገባው እህቷ ናት። የሞዴል 19 ምሳሌ እዚህ ላይ አይረዳም፤ በሌላ ሰው ስም የገባ ዕቃ በማስተካከያ ይመለሳል፣ በሌላ ሴት ስም የተመዘገበ ልጅ ግን ልጅነቱ፣ ውርሱ፣ ፓስፖርት ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው ወላጅ ሁሉ ተዛብቷል። በቤተሰብ ሕጉ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው፤ ልጅነት የሚረጋገጠው ደግሞ በልደት መዝገብ ነው። ሁለቱ ሲጣረሱ ነገሩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ የሐሰት ማስታወቂያ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። በተዋሰ መታወቂያ ከተጻፈ መዝገብ፣ በሁለት ምስክርና በደብዳቤ የዘገየ መዝገብ እጅግ ይሻላል። «ዋናው መመዝገቡ ነው፣ በማን ስም ቢሆን ምን አለበት» የሚል ምክር የሚሰጡ ሰዎች በልጁ ሕይወት ላይ እየፈረዱ መሆኑን ይወቁት።

የአባት ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ባል ላላት ሴት ሕጉ ባሏን አባት ብሎ ይገምታል፤ ለዚህ ነው የጋብቻ ማስረጃ የሚጠየቀው። ጋብቻ ከሌለ አባትየው ራሱ ቀርቦ ልጅነቱን መቀበሉ መንገዱን ያቃልላል። ካልመጣ እናትየው ቦታውን ለመሙላት የወንድሟን ወይም የአያቱን ስም አታስገባ። የጎደለ ነገር በኋላ ይሞላል፤ የተሳሳተ ግን መጀመሪያ መፍረስ አለበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የሚቆጠረውም ከተወለደበት ቀን እንጂ ከሆስፒታል ከተወጣበት አይደለም። «ሦስት ወር» ብሎ ማሰብ ጳጉሜን ያስረሳል። ሰኔ 20 የተወለደ ሕፃን 90ኛ ቀኑ መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። ክርስትና እስኪነሳ የሚጠብቁ ቤተሰቦችም ያስቡበት፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚቀራቸው 10 ቀን ብቻ ነው፣ ሰነድ ለሌላት እናት ደግሞ 10 ቀን ደብዳቤ ለማጻፍ እንኳ አይበቃም። በዚያ ላይ የጥምቀት ወረቀቱ የሚይዘው የክርስትና ስምን ስለሆነ ከመጠሪያ ስሙ ጋር ላይገጥም ይችላል። 90 ቀን ያለፈው ልጅም በሩ አልተዘጋበትም፤ የዘገየ ምዝገባ አለ፣ የሚጠየቀው ማስረጃ ግን ይበዛል።

ስለ ዜግነቱ፦ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘም ሕፃን ሌላ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንዲሁ ይቆጠራል። የልደት መዝገቡ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ያሳያል፤ ዜግነት አይሰጥም፣ አለመኖሩም አይነጥቅም። ፋይዳም ቢሆን የነዋሪን ማንነት እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም፤ ሰነድ ለሌለው ሰው ግን በምስክር መመዝገብን ስለሚፈቅድ እናትየው ብትጀምረው ለቀጣዩ ልጅ ችግሩ ይቀልላታል።

መስኮቱ ላይ «መታወቂያ ከሌለሽ ተመለሽ» የተባለች እናት እምቢታውን ከነምክንያቱና ከነቀኑ በጽሑፍ ትጠይቅ። ካልተሰጣት የሄደችበትን ቀንና ያነጋገራትን ሠራተኛ የሥራ ድርሻ መዝግባ፣ ማመልከቻዋን ከማሳወቂያው ቅጂ ጋር በላይ ላለው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ገቢ ታድርግ፤ ከዚያ ቅሬታ ሰሚ፣ ካልሆነም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የማመልከቻዋ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ማስመታት አትርሳ፤ 90 ቀኑ ካለፈ መዘግየቱ የእሷ አለመሆኑን የሚያሳይላት እሱ ነው።