«ብራውዘርዎ አሮጌ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ እና እውነታው

ብራውዘር (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) አንድን ገጽ ሲጠይቅ ስሙንና የስሪት ቁጥሩን፣ ብዙ ጊዜም እንደ ዊንዶውስ ያለውን የኮምፒውተሩን ሥርዓት የያዘ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይልካል፤ ዩዘር ኤጀንት ይባላል። በዚህች አንድ መስመር ሰበብ የሚነገረኝ ነገር ሰልችቶኛል።

«ገጹ ብራውዘርህ አሮጌ ነው ካለኝ አሮጌ ነው።» አይደለም! ብዙ ጊዜ ገጹ የብራውዘሩን አቅም አልፈተነም፤ ስሙን ብቻ አንብቦ ፈረደ። ስሙ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ውሸት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሚስጥር ስሙ ሞዚላ የነበረው ኔትስኬፕ የተባለ ብራውዘር ከሌሎቹ የተሻለ ገጽ ማሳየት ሲችል፣ ድረ ገጾች ይህን ስም ላላዩበት ብራውዘር የተቀነሰ ገጽ መላክ ጀመሩ። ማይክሮሶፍት ታዲያ ምን አደረገ? የራሱን ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን «ሞዚላ ነኝ» አሰኘው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሮምም እስከ ዛሬ ራሱን ሞዚላም ሳፋሪም (የአፕል ብራውዘር) ይላል።

ቁጥሩም ከስሙ አይሻልም። ኦፔራ የተባለው ብራውዘር 10ኛ ስሪቱን ሲያዘጋጅ የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች «1» ብለው ቆጠሩት፤ ስለዚህ 9.80 ነኝ ለማለት ተገደደ። በ2022 እ.ኤ.አ. ክሮምና ፋየርፎክስ ስሪት 100 ሲደርሱ ይኸው ስጋት ተመለሰ። ያን ሰሞን አንድ የምዝገባ ገጽ እንድመረምር ተጠራሁ። ኮዱ ሁለት አኃዝ ብቻ ያነብ ስለነበር 100 ለእርሱ 10 ነበር። ባለቤቶቹ ለሚያማርር ሁሉ «ብራውዘርዎን ያድሱ» እያሉ ይመልሱ ነበር። ያላደሰው ይገባል፣ ያደሰው ይባረራል!

«ዩዘር ኤጀንት መቀየር ጠለፋ ነው።» አይደለም፤ መቀየሪያው ክሮም ራሱ ለፕሮግራመሮች ባዘጋጀው መሣሪያ ውስጥ ይገኛል።

«ከቀየርኩት ማንም አያውቀኝም።» የአይፒ አድራሻህ (የኢንተርኔት መስመርህ ቁጥር) እና ኩኪዎችህ (ገጾች ብራውዘርህ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ መለያዎች) የት ሄደው? እንግዳ ዩዘር ኤጀንት ይዞ መምጣት እንዲያውም ከሰው መሃል ይለያል።

«ዊንዶውስ 11 ገዝቼ ዩዘር ኤጀንቴ 10 ይላል።» ሁለቱም በዩዘር ኤጀንት ላይ 10.0 ናቸው። አልተታለልክም።

ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ብራውዘሩን «ማን ነህ?» አትበሉት፤ የምትፈልጉትን ተግባር ይችል እንደሆነ በኮዳችሁ ፈትኑት፣ ካልቻለ ቀለል ያለውን ገጽ ስጡት። ተጠቃሚ ከሆንክ መጀመሪያ ብራውዘርህ በእርግጥ የታደሰ መሆኑን አረጋግጥ። ታድሶም ከከለከለህ ዩዘር ኤጀንቱን ለዚያ ገጽ ብቻ ቀይረህ ሞክር፤ ሁሉም ነገር ያለ ችግር ከሠራ ይህንኑ ለገጹ ባለቤቶች ጻፍላቸው፣ የስሪት ቁጥርህንም ጨምርበት።